የሸሸ ድድና የተበላ የጥርስ አንገት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስፋቱ ከአንዲት የገብስ ቅንጣት ስለማይበልጥ ስፍራ ነው። ድዱ አብቅቶ ጥርሱ በሚጀምርበት መስመር ላይ የሚገኘው ይህ ስፍራ፣ በሙያችን አነጋገር የጥርስ አንገት የምንለው፣ ድዱ ወደ ሥሩ ሲሸሽ ይራቆታል፤ ከተራቆተ በኋላም ይፋቃል፣ ይሟሟል፣ ይቦረቦራል። ባለቤቱ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጎነጭ ወይም የማለዳ ነፋስ ወደ አፉ ሲገባ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ይሰማዋል። ጥርሱ ግን አልበሰበሰም፤ አልተነቃነቀም፤ ማኘኩንም አላቆመም። እንዲህ ያለውን ጥርስ ነው በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ማለት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ሕመምተኛው ራሱ «ንቀሉልኝና ልረፍ» እያለ ይዞት የሚመጣው። ሐኪም ካላገኘም በቅርቡ ያለ ባለ ጉጠት ሳያመነታ ይገላግለዋል።

እኔ በበኩሌ ይህ ጥርስ መነቀል የለበትም እላለሁ። ለማዳን የሚያስፈልገው መሣሪያ በአብዛኛው ከአንድ የእጅ ሻንጣ አይበልጥም፤ ትልቁ ቀዶ ሕክምና፣ ማለት የድድ ንቅለ ተከላ፣ የሚገባው ግን ተለይተው ለተመረጡ ጥቂቶች ብቻ ነው። የትኛው ሕክምና ለየትኛው ጥርስ እንደሚገባ ለይቶ ማወቁ ነው የነገሩ ቁልፍ።

አገሩን ለማታውቁት ባልደረቦቼ ጥቂት ልናገር። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። በአንድ ወገኑ እስቴ፣ በሌላው ወገኑ ላይ ጋይንት ተዘርግተዋል፤ ታች ጋይንትና ስማዳ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ እየወረዱ ይሄዳሉ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ የሚያቀናው አውራ ጎዳና ዋናው መተላለፊያ ነው። ከመንገዱ ርቆ የሚኖር ገበሬ ግን ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ለመድረስ የእግር ጉዞውን አስልቶ ነው ከቤቱ የሚነሣው። ይህን የማነሣው ስለ አገሩ መልክ ለማውራት ብዬ አይደለም። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መታየትን የሚጠይቅ ሕክምና ለእንዲህ ያለ ሰው ስንት የሥራ ቀን እንደሚያስከፍለው ሐኪሙ ከሕመምተኛው ቀድሞ ማሰብ ስላለበት ነው።

ጥርስም በዚህ አገር ከውበት በላይ ነው። ገብስ በሚበቅልበት ደጋ ቆሎ የመንገድም የቤትም ስንቅ ነው፤ ቆሎ ደግሞ ጥርስ ለሌለው ሰው አይሆንም። ጋይንት ድጓ የሚመሰከርባት የቤተ ልሔም አገር መሆኗንም አንርሳ። የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው «ሰ»ንና «ዘ»ን እንደ ቀድሞው አጥርቶ ማሰማት ይቸግረዋል። ለሌላው ሰው ትንሽ የሚመስለው ይህ ጉዳት ቃልን ከነዜማው ለተማሪ ለሚያወርድ ሊቅ ትንሽ አይደለም።

ወደ መንሥኤው ልግባ። ድድ የሚሸሸው በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ነው። የመጀመሪያው በሽታ ነው። በጥርስና በድድ መካከል የሚጠራቀመው ለስላሳ ቆሻሻ ውሎ አድሮ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ድዱ ይቆጣል፣ ይደማል፤ ጥርሱን አቅፎ የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ ይጎድላል፤ አጥንቱ ሲወርድ ድዱም አብሮት ይወርዳል። በዚህ በሽታ የሚሸሸው በጥርሱ ፊት ለፊት ያለው ድድ ብቻ አይደለም። በጥርስና በጥርስ መካከል እንደ ድንኳን ጫፍ ሾሎ ቆሞ የነበረው ድድም ይከስማል፤ በስፍራውም ጥቁር ክፍተት ይታያል። ሁለተኛው መንገድ መፈተግ ነው። አፉ ንጹሕ፣ ድዱም ጤናማ የሆነ ሰው በየዕለቱ በጠንካራ ነገር እየፈተገ የፊት ለፊቱን ድድ ያሸሸዋል፤ በመካከል ያለው ሾጣጣ ድድ ግን እንዳለ ይቆያል። ከረድፉ ወጣ ብሎ የበቀለ ጥርስ፣ በተለይም ክራንቻ፣ ፊት ለፊቱን የሚሸፍነው አጥንት ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይጎዳል። ሁለቱ መንገዶች በአንድ አፍ ውስጥ ሊገናኙም ይችላሉ፤ ሆኖም ሁልጊዜ መጀመሪያ መታየት ያለበት በጥርሶች መካከል ያለው ድድ ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ስለ መፋቂያ ስናገር እንዳትቀየሙኝ። የወይራና የክትክታ መፋቂያ የአባቶቻችን ጥበብ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በደንብ ለሚይዘው ሰው ጥርስን በማጽዳት ከብሩሽ የሚያንስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ልማዱ ባለበት አገር ሁሉ መፋቂያ እንዲበረታታ መክሯል። ጉዳቱ የሚመጣው ከእንጨቱ ሳይሆን ከአያያዙ ነው። ደረቅ እንጨት ይቆረጣል፤ ጫፉ ሳይታኘክና ሳይለሰልስ ወደ ጥርሱ ይሄዳል፤ እጁም እንደ መጋዝ ወደ ጎን ይመላለሳል። አንዳንዱ ሰው መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ገበያ ደርሶ ይመለሳል፤ ሳያስበው አንዱን ጥርስ ብቻ ሲፍቅ ይውላል። በቀኝ እጁ የሚፍቅ ሰው በግራ በኩል ያለውን ክራንቻና ከእርሱ ቀጥለው ያሉትን ሁለት ጥርሶች አብልጦ ሲጎዳ አያለሁ፤ ስለዚህም ከምጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «በየትኛው እጅዎ ነው የሚፍቁት?» የሚል ነው። ከሰል ፈጭቶ፣ አመድ ወይም ጨው ጨምሮ በጣቱ የሚፈትግም አለ። እነዚህ ጥርስ ያነጣሉ እየተባሉ የሚወደሱ ነገሮች የተራቆተውን የሥር ገላ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይልጉታል። የከተማው ወንድማችንም ጠጕሩ የጠነከረ ብሩሽ ገዝቶ ያንኑ ያደርጋልና መፋቂያን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

የተበላ አንገት ቅርጹ ራሱ ይናገራል። መፈተግ ያመጣው፣ በመጥረቢያ እንደ ተመታ ግንድ፣ ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ሰርጓዳ ነው። አሲድ ያመጣው ግን እንደ ጣባ ሰፊ፣ ጠርዙም የደበዘዘ ይሆናል። ሎሚ መምጠጥ የለመደ ሰው፣ ለስላሳ መጠጥ የሚያዘወትር ወጣት፣ ወይም ቃር የሚያሠቃየው ሰው ጥርስ ላይ ይህን እናያለን፤ የቃር ከሆነ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ይመስክርበታል። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ደብልዩ ዲ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ጥናቱ፣ በጥርስ ማጽጃ ዱቄትና በብሩሽ ብቻ እንዲህ ያለ ሰርጓዳ ማስገኘት እንደሚቻል በሙከራ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ግሪፖ የተባለ ሐኪም፣ ጥርስ በንክሻ ብዛት እየጎበጠ አንገቱ ላይ ይሰነጣጠቃል የሚለውን ሐሳብ አዲስ ስም ሰጥቶ አቀረበ። ይህ ሐሳብ ብዙ አከራክሯል፤ በሰው አፍ ውስጥ ለብቻው እንዲህ ያለ ጉዳት እንደሚያደርስ የሚያጸና ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። በእኔ አስተያየት፣ በጋይንት ገበያ ቆሞ አንዱን የሚፍቅ ሰው ለግማሽ ሰዓት የተመለከተ ሐኪም ምክንያቱን ከሩቅ አይፈልግም።

ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ የስዊድኑ ብሬንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባደረጋቸው ምርምሮች አስረድቷል። ከኢናሜሉ በታች ያለው ዴንቲን ከውጭ ወደ ጥርሱ ነርቭ በሚያመሩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው፤ በቱቦዎቹም ውስጥ ፈሳሽ አለ። ብርድ፣ ነፋስ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካቸው ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ እንቅስቃሴውም ነርቩን ይቀሰቅሳል። እንግዲህ የቱቦዎቹ አፍ ከተደፈነ ሕመሙ ይቆማል ማለት ነው። ይህን የተረዳ ሰው ጉጠት አያነሣም። የተራቆተ ሥር ግን ሌላም አደጋ አለበት። ኢናሜል የሚሟሟው የአፍ ፒ ኤች ወደ 5.5 ሲወርድ ነው፤ የሥሩ ገላ ግን ከ6 በላይ በሆነ ፒ ኤች መሟሟት ይጀምራል። ስለዚህ ዛሬ የሚጠርስ ብቻ የሆነው አንገት ነገ ሊበሰብስ ይችላል።

ሕክምናው በእጅ ይጀምራል፤ በሕመምተኛው እጅ። እርጥብ መፋቂያ እንዲቆርጥ፣ ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ እንዲያቆይ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ብቻ እንዲጠርግ፣ የተንጨፈረረውንም ጫፍ በየዕለቱ ቆርጦ እንዲጥል አሳየዋለሁ። እላለሁ እንጂ አስተምረዋለሁ አልልም፤ መፋቂያውን ይዞ በመስተዋት ፊት ራሱ እስኪያደርገው ድረስ ትምህርቱ አልተሰጠም። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ካገኘ በመፋቂያው ጫፍ ላይ አድርጎ ሊጠቀምበት ይችላል። ጥርሱ የሚታጠብ ከሆነ ይታጠባል። አንገቱ ላይ 5 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለው ቫርኒሽ ይቀባል። ሰርጓዳው ጥልቀት የሌለው፣ ሕመሙም በዚህ የሚበርድ ከሆነ ሌላ ምንም አያስፈልግም። የተበላ ሁሉ መሞላት አለበት የሚል ሕግ የለም። የሚሞላው ሕመሙ ያልበረደ፣ ጥልቀቱ ከአንድና ከሁለት ሚሊሜትር ያለፈ፣ መበስበስ የጀመረ ወይም ቆሻሻ የሚቋጥር አንገት ነው።

በምን ይሞላ? ለእነዚህ ወረዳዎች መልሴ ግላስ አዮኖመር ነው። ይህን ሲሚንቶ ዊልሰንና ኬንት የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በለንደን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1972 ለጥርስ ሐኪሞች አስተዋወቁት። የብርጭቆ ዱቄት ከአሲድ ጋር ተለውሶ ይጠነክራል፤ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር ራሱ ይያያዛል፤ ለመያዣ ተብሎ ጤናማ ጥርስ መቦርቦር አያስፈልግም፤ ፍሎራይድም ቀስ በቀስ ይለቃል። የብርሃን መብራት አይፈልግም። በእጅ መሣሪያ ብቻ ጥርስን የማከም ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በጎረቤት አፍሪካ፣ በታንዛኒያ ሲጀመር፣ ኋላም በታይላንድና በዚምባብዌ ሲሞከር ዋና መሣሪያው ይኸው ሲሚንቶ ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1994 ደገፈው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ግላስ አዮኖመርን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በጥርስ አንገት ላይ ሙሌት ሳይወድቅ በመቆየት ረገድ በተደረጉት ጥናቶችም ይህ ሲሚንቶ ከሁሉ የተሻለ ውጤት ካሳዩት ውስጥ ነው። ርካሹ ነገር ለገጠሩ ይበቃል በሚል የምናቀርበው ምትክ አይደለም፤ ለዚህ ስፍራ ዋናው ነው።

አሠራሩ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሙሌቱ የሚወድቀው በሲሚንቶው ምክንያት ሳይሆን በአሠራሩ ነውና። አንገቱ በመጀመሪያ ከቆሻሻ ይጸዳል። የሚያብለጨልጭ ጠንካራ ገላ ካለው በእጅ መሣሪያ ጥቂት ይፋቃል። ከዚያ 10 በመቶ ፖሊአክሪሊክ አሲድ በጥጥ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ተቀብቶ በእርጥብ ጥጥ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ነገር ግን አይጠወልግም። ድዱ የሚደማ ከሆነ ሥራው ይቁም። የሚደማ ድድ ሳይድን የተሞላ አንገት በውኃ ላይ እንደ ተለጠፈ ጭቃ ነው፤ ጥርሱ ታጥቦ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ መሙላቱ ይሻላል። ዱቄቱና ፈሳሹ በፋብሪካው ልክ ይለካሉ። ፈሳሽ አብዝቶ ማቅጠን ለእጅ ይመቻል፤ ሙሌቱን ግን ደካማ ያደርገዋል። ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች እዚያ የሚሠራ ሐኪም ሌላም ነገር ማወቅ አለበት። ሲሚንቶው በቀዝቃዛ ክፍል ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ስለዚህ በብርዱ ማለዳ «አልያዘም» ብሎ ዱቄት መጨመር አይገባም፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ሙቀት ያገኛል። የዱቄቱ ጠርሙስ ክዳንም ወዲያው ይገጠም፤ ጤዛ የገባበት ዱቄት አይረባም። ሲሚንቶው በወዙ ሳለ፣ ማለት መብለጭለጩ ሳይጠፋ፣ አንገቱ ላይ ይደረጋል፤ ቫዝሊን በተቀባ የጓንት ጣት ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ ይያዛል፤ ትርፉ ይነሣል፤ ምራቅ እንዳይነካውም በቫዝሊን ይሸፈናል። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አይበላበትም።

ኮምፖዚት የሚባለው ሙሌት መልኩ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሲጠነክር ይኮማተራል፤ ኢናሜል በሌለበት በሥሩ ጠርዝ በኩልም ይላቀቃል፤ ፍጹም ደረቅ የሆነ ጥርስና የማያቋርጥ መብራት ይፈልጋል። በደብረ ታቦር ወይም በጎንደር የፊት ጥርስ ለሚያስሞላ ሰው ልንሠራው እንችላለን።

አሁን ወደ ንቅለ ተከላው እንለፍ። ከላንቃ ላይ ድድ ቆርጦ በተራቆተው ስፍራ መትከል የቆየ ዘዴ ነው፤ ሰሊቫንና አትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሕጉን በዝርዝር ጻፉለት። እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለቱ ላንገሮች ሌላ መንገድ አሳዩ። የላንቃውን የላይ ቆዳ በስፍራው ትተው ከሥሩ ያለውን ሥጋ ብቻ ያወጡና በጥርሱ ፊት ባለው ድድ ሥር ያስገቡታል። በዚያው ዓመት ፒ ዲ ሚለር፣ ከበርሊኑ ሚለር የተለየ ሰው ነው፣ የትኛው ሥር ሊሸፈን እንደሚችል በአራት ደረጃ ከፈለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣሊያናዊው ካይሮና ባልደረቦቹ ይህን ወደ ሦስት አሳጠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤም ተቀበለው። የሁሉም ፍሬ ነገር ቀደም ብዬ የተናገርሁት ነው። በጥርሶች መካከል ያለው ድድና አጥንት ካልጎደለ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ሊሸፈን ይችላል፤ በከፊል ከጎደለ ቢበዛ በከፊል ይሸፈናል፤ ክፉኛ ከጎደለ ግን ሐኪሙ ቢደክምም አይሸፈንም።

ምክንያቱን ችግኝ የተከለ ሁሉ ያውቀዋል። የተተከለው ድድ በሥሩ ላይ ባለበት ስፍራ ከታቹ ደም አያገኝም፤ ሥሩ ለችግኝ እንደ ዓለት ነውና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች የሚኖረው ከዳርና ከዳር ካለው ሥጋ በሚሰርገው ፈሳሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የደም ሥሮች እየገቡ ይይዙታል። በጥርሶች መካከል ያለው ድድ ከሌለ መደቡም የለም። በድድ በሽታ ምክንያት ጥርሶቹ ሁሉ ረዝመው ለሚታዩ ሰው ንቅለ ተከላ ተስፋ መስጠት እንግዲህ ትክክል አይደለም። እርሱን የሚጠቅመው ጥርሱን አሳጥቦ በሽታውን ማቆምና የሚጠርሰውን አንገት መድፈን ነው። ንቅለ ተከላው የሚገባው ድዱ ንጹሕ ሆኖ በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ ላይ ለሸሸበት፣ መሸሹም እየጨመረ ለሚሄድበት፣ ወይም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እየተጎተተ ማጽዳት ላልቻለ ሰው ነው። ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ውጤቱ ይቀንስበታል፤ ይህንም አስቀድሞ መንገር ነው።

ለመንገደኛው የሚከብደው የኋላው ነው። ስፌቱ የሚፈታው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቦታው አይፋቅም፣ አይቦረሽም፤ በክሎርሄክሲዲን ይጉመጠመጣል። ቆሎ የለም፤ በርበሬ የለም፤ ትኩስ ነገር የለም። አጥሚት፣ ቀዝቀዝ ያለ አልጫ ሽሮ፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት ይበላል፤ ጾም ቢሆንም የሚከለክለው የለም። የስማዳ ገበሬ ይህን ሁሉ የሚችለው አጨዳና ውቂያ ባልያዘው ጊዜ ከሆነ፣ በከተማም የሚያርፍበት ዘመድ ካለው ነው። ስለዚህ ቀጠሮው የሚሰጠው ከሐኪሙ መዝገብ ብቻ ሳይሆን ከገበሬው ወራት ጋር ተመካክሮ ነው። ንቅለ ተከላ ደግሞ አስቸኳይ ሕክምና አይደለምና ከመከር በኋላ ቢሆን የሚጎዳው ነገር የለም።

አሁን በመማሪያ መጻሕፍታችን ብዙም ያልተጻፈ፣ በእኛ አገር ግን ሳያውቁት ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። በሰሜኑ አገራችን ብዙ ሴቶች ድዳቸውን የተነቀሱ ናቸው። ነቃሿ ጥላሸቱን በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ታስገባዋለች፤ ድዱ ይጠቁራል፤ ጥርሱ በላዩ ነጥቶ ይታያል። ለውበትም፣ ድድ ያጠነክራል በሚል እምነትም ይደረጋል። አንዱ መርፌ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ እንደሚያስተላልፍ ማስተማር ግዴታችን ነው። ነገር ግን ከ30 ዓመት በፊት የተነቀሱትን እናት ዛሬ መውቀስ ምን ይረባል? ለእኛ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የተነቀሰ ድድ ቢቆጣ ቅላቱ አይታይም፤ ስለዚህ በዓይን አይቶ «ጤናማ ነው» ማለት አይቻልም፤ በመመርመሪያው ነክቶ መድማቱንና አለመድማቱን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ከንቅለ ተከላው ጋር ይገናኛል። ከላንቃ የተቆረጠ ድድ ነጣ ያለ ነው። በጠቆረው ድድ መካከል ቢተከል ጥቁር ቀሚስ ላይ እንደ ተጣፈ ነጭ ጨርቅ ሆኖ ይኖራል። አንዲት ከእስቴ ወገን የመጡ እናት ሥራውን ዘርዝሬ ካስረዳኋቸው በኋላ የጠየቁኝ ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ «ዶክተር፣ ንቅሳቴን ብቻ እንዳያጠፉብኝ» ነው ያሉኝ። ጥያቄያቸው ከሙያ አንፃርም ተገቢ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሻለው የላንገሮቹ መንገድ ነው። የራሳቸው የተነቀሰ ድድ ተላቆ ወደ ጥርሱ ወደ ፊት ይሳባል፤ የላንቃው ሥጋ በሥሩ ይደበቃል፤ ጥላሸቱ ያለው ከላይ በሚሳበው ድድ ውስጥ ስለሆነ ቀለሙም አብሮ ይመጣል።

በአንድ ጥርስ ላይ ድዱም ሸሽቶ አንገቱም ተበልቶ ሲገኝስ? ይህ ነው ብዙ የሚያጋጥመን፤ እዚህም ላይ ነው ቅደም ተከተሉ የሚሳተው። ሰርጓዳው ብዙ ጊዜ ኢናሜሉና ሥሩ የሚገናኙበትን መስመር ያጠፋዋል፤ መስመሩ ከጠፋ ድዱ እስከ የት ሊመለስ እንደሚችል በቀላሉ አይታወቅም። በአጠገቡ ያለውን ጤናማ ጥርስ በማየትና በመካከል ያለውን ድድ ቁመት በመለካት መስመሩን በግምት ማስመር ይቻላል። ከዚያ መስመር በላይ፣ ማለት በኢናሜሉ በኩል ያለው ጉድለት በሙሌት ይሠራል፤ ከመስመሩ በታች ያለውን ሥር ድዱ ይሸፍነዋል። ሙሌቱ ከቀዶው አስቀድሞ ቢሠራ ድዱ የሚያርፍበት ደህና ጠርዝ ያገኛል። ንቅለ ተከላ የሚገባውን ጥርስ ግን ሥሩን በሙሉ በሲሚንቶ አልብሶ «ድኗል» ብሎ መስደድ፣ ያን ያህል የረዘመ ጥርስ ይዞ እንዲኖር መፍረድ ነው። ወደ ቀዶ ሊሄድ ለማይችለው ሰው ግን ያው ሲሚንቶ ሙሉ ሕክምናው ነው፤ ይህንም ያለ እፍረት ልናደርገው ይገባል።

በተግባር የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ጥርስ የሚያይ ባለሙያ ማጠቡን፣ ቫርኒሹንና የግላስ አዮኖመሩን ሙሌት በዚያው ይሥራ። ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር የሚልከው በጥርሶቹ መካከል ያለው ድድ ያልጎደለውን፣ አፉን ንጹሕ አድርጎ የቆየውንና መሸሹ የቀጠለበትን ሰው ብቻ ይሁን። ለዚህም በካርዱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፉ፤ ከኢናሜሉ መስመር እስከ ድዱ ጠርዝ ያለው ርቀትና የሰርጓዳው ጥልቀት፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። በእጅ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ቢጨመር ደግሞ በዓመቱ ሲመለስ ማነጻጸር ይቻላል። ቁጥሩ ካልጨመረ፣ መፋቂያውን ትክክል ይዟል ማለት ነውና ቀዶውን ያስቀረንለታል። መነቀል ያለበት ጥርስም አለ፤ ከላይ ወደ ታች የሚነቃነቅ፣ አጥንቱ ያለቀ፣ ሲነክሱበት የሚያም። እርሱን አንከላከልለትም።

የሲሚንቶውን ዱቄትና ቫርኒሹን ለወገዳና ለአርብ ገበያ የምትልኩ ባልደረቦች፣ የማለቂያ ቀኑን አይታችሁ ሐምሌ ሳይገባ አድርሱላቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጭቃ መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል።